የጄድ ቴፖች ታሪክና ለተመራማሪዎች ያተረፉት ትምህርት

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ብሂል ሲነገር በአእምሮ የሚታሰበው ብራናና ወረቀት ነው። ብራናን ለማንበብ ከዓይንና ከፊደል ዕውቀት በቀር ሌላ መሣሪያ አያሻም። በማግኔት ቴፕ ላይ የሰፈረ አኃዝ ግን ይወረስ ዘንድ ቴፑ፣ ቴፑን የሚያነበው መሣሪያ፣ አኃዙን የሚተረጕመው ፕሮግራም፣ እንዲሁም የፕሮግራሙን ጠባይ የሚያውቅ ሰው በአንድነት መገኘት አለባቸው። ከአራቱ አንዱ ቢጐድል የቀሩት ሦስቱ ዋጋ ያጣሉ። ይህም በጀርመን አገር፣ በሃምቡርግ ከተማ በተካሄደ አንድ የፊዚክስ ምርምር ታሪክ ጐልቶ ይታያል (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው)።

ዴዚ በተባለው የምርምር ማዕከል፣ ዙሪያው 2.3 ኪሎ ሜትር የሆነው ፔትራ የተባለ የቅንጣት ማፋጠኛ በ1978 ሥራውን ጀመረ። በውስጡ ኤሌክትሮኖችና ፖዚትሮኖች በተቃራኒ አቅጣጫ እየከነፉ ሲጋጩ ውጤቱን ከሚመዘግቡት ቡድኖች አንዱ ጄድ ነበር፤ ስሙም ከጃፓን፣ ከጀርመንና ከእንግሊዝ የመጀመሪያ ፊደላት የተውጣጣ ነው። በ1979 ጄድና ሌሎች ሦስት ቡድኖች፣ ኳርኮችን አጣብቆ የሚይዘው ግሉኦን የተባለ ቅንጣት መኖሩን የሚያሳይ ማስረጃ አቀረቡ። በ1986 ምርመራው ሲያበቃ ቡድኑ ተበተነ፤ አባላቱም ወደ አዳዲስና ትላልቅ ማፋጠኛዎች አመሩ።

ሆኖም የአሮጌው መረጃ ተፈላጊነት አላበቃም ነበር። ኳርኮችን የሚያስተሳስረው ኃይል የግጭቱ ጕልበት በጨመረ መጠን እየላላ እንደሚሄድ በ1973 የቀረበው ንድፈ ሐሳብ ያስረዳል። በጄኔቫ ይገኝ የነበረው ሌፕ በ1989 ሥራ ሲጀምር ልኬቱ የተካሄደው በ91 ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ነበር። ለውጡን በሚገባ ለማሳየት ግን ከ14 እስከ 44 ቢሊዮን ባለው ዝቅተኛ እርከን የተገኘውን ውጤት፣ በ1990ዎቹ በተሻሻለው የስሌት ዘዴ እንደገና መመርመር አስፈለገ።

የቀድሞው የጄድ አባል ፕሮፌሰር ዚግፍሪድ ቤትኬ ሥራውን ሲጀምሩ የገጠማቸው ችግር ብዙ ነበር። ፕሮግራሞቹ አገልግሎታቸው ላበቃ የአይ.ቢ.ኤም. ትላልቅ ኮምፒዩተሮች፣ በቆየ ፎርትራንና በአሴምብለር የተጻፉ ነበሩ። ቴፖቹ ለመትረፍ የበቁት በተቋም ደንብ ሳይሆን በአንዳንድ የቀድሞ አባላት የግል ትጋት ነው። የግጭቶቹን መጠን ለማስላት የሚያስፈልገው መዝገብ ደግሞ የተገኘው በወረቀት ታትሞ ስለ ነበር፣ እንደ ገና በእጅ ወደ ኮምፒዩተር መግባት ነበረበት። ከብዙ ድካም በኋላ መረጃው ተነበበ፤ ውጤቱም የኃይሉን መላላት በግልጽ አሳየ።

በዚህ ታሪክ ሊወቀስ የሚገባው አንድ ሰው የለም። ተመራማሪዎቹ መለካትንና መተንተንን እንጂ ለመጪው ትውልድ ማስረከብን አልተማሩም፤ ኀላፊነቱም ለማንም አልተሰጠም። ጕድለቱን ለመሙላት የተደረገው ጥረት የተፋጠነው ከ2000 ወዲህ ነው። በ2003 የመረጃ ቤቶች አሠራር ዓለም አቀፍ ደረጃ ወጣለት፤ በዚያው ዓመት በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በዲጂታል ጥበቃ ላይ ሥልጠና መስጠት ጀመረ። በ2004 በብሪታንያ የዲጂታል ጥበቃ ማዕከል ተቋቋመ። ከ2011 ጀምሮ የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ገንዘብ የሚጠይቅ ተመራማሪ ሁሉ የመረጃ አያያዝ ዕቅድ እንዲያቀርብ አስገደደ።

የሥልጠናው ፍሬ ነገር ረቂቅ አይደለም። ተመራማሪው መረጃውን ብዙ ፕሮግራሞች በሚያነቡት ግልጽ ቅርጽ እንዲያስቀምጥ፣ የእያንዳንዱን ዓምድ ትርጕምና የልኬት አሃድ እንዲጽፍ፣ ቅጂዎቹን በተለያየ ሥፍራ እንዲያኖር፣ አለመበላሸታቸውንም በየጊዜው እንዲያጣራ ያስተምራል። ይህን ሁሉ ምርምሩ ሲጀመር ማድረግ ጥቂት ሰዓት ይወስዳል፤ የጄድ ታሪክ እንደሚመሰክረው ግን፣ ከዐሥር ዓመት በኋላ የሚያውቁት ሰዎች ከተበተኑ ወዲያ፣ ዓመታትን የሚጠይቅ ሥራ ይሆናል።