መረጃን ከአሮጌ ስልክ ወደ አዲስ ማዛወር

መረጃን ከአሮጌ ስማርት ስልክ ወደ አዲስ ማዛወር የስልክ ቁጥሮችን፣ ፎቶዎችን፣ መልእክቶችንና የመተግበሪያ ይዘቶችን ሳይጎድሉና ለሌላ ሰው ሳይጋለጡ ማሸጋገር ነው። ሁለቱም ስልኮች አንድሮይድ ወይም ሁለቱም አይፎን ከሆኑ ሥራው ቀላል ነው፤ አዲሱ ስልክ ገና ሲከፈት ከአሮጌው ልቅዳ ብሎ ይጠይቃል። ከአንድሮይድ ወደ አይፎን ለሚሻገር ደግሞ አፕል በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ሙቭ ቱ አይኦኤስ» የተባለ መተግበሪያ አለ።

አስቸጋሪዎቹ መተግበሪያዎቹ ናቸው። የቴሌግራም መደበኛ ውይይቶች በሰርቨር ስለሚቀመጡ በስልክ ቁጥር በመግባት ይመለሳሉ፤ «ሲክሬት ቻት» የሚባለው ምስጢራዊ ውይይት ግን በተጀመረበት ስልክ ላይ ይቀራል። ዋትሳፕ አስቀድሞ ቅጂ መያዝን ወይም በቀጥታ ማዛወርን ይፈልጋል፤ ቅጂው በይለፍ ቃል ተመስጥሮ ቃሉ ከተረሳ ኩባንያው ራሱም አይከፍተውም። የቴሌብር ገንዘብ ስልኩ ውስጥ ስለማይቀመጥ አብሮ የሚዛወር ነገር አይደለም። ከሁሉ ይበልጥ የሚዘነጉት የማረጋገጫ ኮድ የሚያመነጩ መተግበሪያዎች ሲሆኑ፣ መዘንጋታቸው የሚታወቀው አሮጌው ስልክ ከተሸጠ በኋላ ነው።

አሮጌው ስልክ የሚጸዳው አዲሱ ላይ ሁሉም መግባቱ ከተረጋገጠ ወዲያ ነው። በቅድሚያ ከጉግል ወይም ከአፕል አካውንት መውጣት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ገዢው የተቆለፈ ስልክ ሊረከብ ይችላል። ሲምና ሚሞሪ ካርድ ከወጡ በኋላ ስልኩ ወደ ፋብሪካ ይዞታው ይመለሳል።