የክረምት መጽሐፍ በመካነ ሰላም ደጋ፦ ከመቅደላ ግምጃ ቤት እስከ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት

በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ክረምት ሲገባ ልጅና መጽሐፍ ይለያያሉ። በመካነ ሰላም፣ በአቀስታ፣ በአጅባርም ሆነ በተንታ ትምህርት ቤት በሰኔ ሲዘጋ የመጻሕፍት ክፍሉም አብሮ ይቆለፋል። ከመምህራን ብዙዎቹ በክረምት መርሃ ግብር ትምህርታቸውን ለማሻሻል ወደ ኮሌጅና ወደ ዩኒቨርሲቲ ይሄዳሉ። ልጆቹን ደግሞ ከብት ጥበቃና አረም ይጠብቃቸዋል። መምህሩ ተማሪ፣ ተማሪው እረኛ ሆኖ ከሁለት ወር በላይ ያልፋል። መስከረም ላይ ሲገናኙ፣ በግንቦት ፊደል ለይቶ የነበረ የታችኛው ክፍል ልጅ እንደ አዲስ ሲደናገር ይገኛል።

የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሲባል፣ ያውም በክረምት ለልጆች የሚከፈት ሲባል፣ ለብዙ ሰው የአዲስ አበባ ወይም የባሕር ማዶ ነገር ሆኖ ይታየዋል። የመካነ ሰላም ዙሪያ ግን በመጽሐፍ ታሪክ ከየትም የማያንስ አገር ነው። እዚህ መጽሐፍ ተደርሷል፣ ተከማችቷል፣ ተቃጥሏል፣ ተዘርፏልም። በእነዚህ ሁሉ ዘመናት ግን መጽሐፍ ለማንኛውም ልጅ፣ ልጁ ጊዜ ባለው ወቅት፣ በውሰት ሲሰጥ አልታየም። የክረምት ቤተ መጻሕፍት የሚሞላው ይህን ጉድለት ነው።

የብራና ዘመን

የዛሬው ደቡብ ወሎ ቀድሞ ቤተ አምሐራ ይባል ከነበረው አገር ሰፊውን ድርሻ ይይዛል። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በሐይቅ እስጢፋኖስ ያቋቋሙት ትምህርት ቤት መጻሕፍት በማስጻፍና በመሰብሰብ ስሙ የገነነ ነበር። ከዚያ ከተማሩት አንዱ መካነ ሰላም በምትገኝበት በወሎ ቦረና ባለው ገዳማቸው ስም የሚጠሩት አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ናቸው። መጽሐፈ ምሥጢርን በ1416 ዓ.ም. ፈጸሙ። የሰዓታት ድርሰታቸው ዛሬም በየአብያተ ክርስቲያናቱ ሌሊት ይደርሳል። ገድላቸው እንደሚተርከው እኒህ ታላቅ ደራሲ በልጅነታቸው ትምህርት አልገባ ብሏቸው እጅግ ተቸግረው ነበር። ቶሎ ያልገባው ልጅ ጊዜና ትዕግሥት ካገኘ የት ሊደርስ እንደሚችል ለማስተማር የቦረና ሰው ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አያስፈልገውም።

ወደ ሰሜን፣ ሳይንት ላይ፣ ተድባበ ማርያም አለች። በጥንታዊነቷም በብራና ቅርሶቿም ትታወቃለች። በ1524 ዓ.ም. የኢማም አሕመድ ጦር ቤተ አምሐራ ሲደርስ ዐፄ ናዖድ አስጀምረው ልጃቸው ዐፄ ልብነ ድንግል የፈጸሙት መካነ ሥላሴ ተቃጠለ። አትሮንሰ ማርያምም ነደደች። በዚያ ጦርነት የጠፋውን ብራና ማንም አልቆጠረውም። የተረፈው የተረፈው ሰው በጀርባው ተሸክሞ፣ በዋሻ ሸሽጎ ስላቆየው ነው።

የብራና መጽሐፍ በቀላሉ የሚገኝ ዕቃ አልነበረም። ለአንድ ዳጎስ ያለ ወንጌል የብዙ ፍየሎች ቆዳ ይፋቃል፣ ይወጠራል፣ ይሰመራል። ጥቁሩና ቀዩ ቀለም ይበጠበጣል፣ ጸሐፊው ወራት ይቀመጣል። አልቆ ሲጠረዝ የቆዳ ማኅደር ይሰፋለትና በማንገቻው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ዝናብም አይጥም እንዳያገኘው። ከመጨረሻው ገጽ ወይም ከኅዳጉ ላይ ደግሞ የሰረቀውን፣ የፋቀውን፣ ከቦታው ያወጣውን የሚያወግዝ ቃል ይጻፋል። መጽሐፍ የፍየል መንጋና የዓመት ድካም በሆነበት ዘመን ይህ ጥንቃቄ ተገቢ ነበር። ስለዚህም የቆሎ ተማሪው መጽሐፉን ወደ ጎጆው አይወስድም፤ ከመምህሩ አፍ ሰምቶ በቃሉ ይይዛል እንጂ።

በእስልምናውም በኩል ወሎ የዕውቀት አገር ነው። ከየአገሩ የመጡ ደረሳዎች ሼሁ ዘንድ ተቀምጠው ኪታብ ይቀራሉ፣ በእጃቸው ይገለብጣሉ። በዐረብኛ ፊደል የተጻፈው የአማርኛ መንዙማ የዚህ ትምህርት ትልቁ ፍሬ ነው። የወረሂመኖና የለጋምቦ ቤተሰቦች ከአያት የወረሱትን ኪታብ በክብር ያስቀምጣሉ። እስከ ዛሬም ትምህርት ቤት ሲዘጋ የክርስቲያኑ ልጅ ወደ የኔታ፣ የሙስሊሙ ልጅ ወደ ቁርኣን ቤት ይላካል። ክረምትን ለትምህርት ማዋል እንግዲህ በዚህ አገር የቆየ ልማድ ነው።

የመቅደላ ግምጃ ቤት

ከተንታ አጠገብ ባለችው የመቅደላ አምባ ዐፄ ቴዎድሮስ ሊያሠሩት ላሰቡት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን አንድ ሺህ ገደማ የብራና መጻሕፍት ሰብስበው ነበር። ብዙዎቹ የመጡት ከጎንደር አድባራት ነው፤ የመጡትም በውድ አልነበረም። ሆኖም በዚያ ዘመን በአንድ ቦታ ይህን ያህል መጽሐፍ መከማቸቱ ታላቅ ነገር ነበር።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ጦርነት ሆነ። ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸውን ሠዉ፤ አምባውም ተያዘ። ከጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር የብሪቲሽ ሙዚየም ባልደረባ ሪቻርድ ሆምስ ተልኮ ስለነበር መጻሕፍቱ ወዲያው ፈላጊ አገኙ። ዘረፋው 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ተወሰደና ሚያዝያ 13 እና 14 በጨረታ ተሸጠ። ከመጻሕፍቱ 350 ያህሉ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ፤ ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ሌሎች በዊንድዘር ቤተ መንግሥት፣ በኦክስፎርድና በካምብሪጅ አሉ። ከተቀሩት ብዙዎቹን ጦሩ ሲመለስ ትግራይ ውስጥ ለጨለቆት ቤተ ክርስቲያን ትቷቸዋል።

ዐፄ ዮሐንስ በ1864 ዓ.ም. ክብረ ነገሥትና ኩርዓተ ርእሱ የተባለው ሥዕል እንዲመለሱ ለእንግሊዝ ጻፉ። ሙዚየሙ አንድ ክብረ ነገሥት መለሰ። ሥዕሉን ግን ሆምስ ለራሱ አስቀርቶት ነበር። ዊልያም ራይት የሙዚየሙን የግእዝ መጻሕፍት ዘርዝሮ እ.ኤ.አ. በ1877 ካታሎግ ካሳተመ ወዲህ ተመራማሪው ሁሉ በዚያ መንገድ ሲጠቀም ኖሯል።

ቅርሱ ይመለስ የሚለው ጥያቄ ትክክል ነው፤ መቋረጥም የለበትም። ከጥያቄው ጎን ግን ሌላ ግዴታ አለብን። ከመቅደላ ሥር የሚያድግ ልጅ ስለ ተዘረፈው መጽሐፍ ሲሰማ ኖሮ በእጁ የሚይዘው አንድ የተረት መጽሐፍ ካጣ፣ ይህኛውን ጉድለት ለንደን አትሞላውም። እዚሁ ያለን ሰዎች ነን የምንጠየቅበት።

የክረምት ዘማቾች

የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በመንግሥት ደረጃ የተጀመረው በ1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተከፈተው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ነው። ወደ ገጠሩ የደረሰው የንባብ ማዕበል ግን ከ30 ዓመት በላይ ዘግይቶ የመጣ ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. በክረምት መግቢያ ተጀመረ። መጀመሪያ ከተሞችን፣ ቀጥሎ ገጠሩን አዳረሰ። በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ፣ በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የንባብ ሽልማት አገኘ። ገበሬው በዛፍ ጥላ፣ በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን ግቢ ከልጁ እኩያ ፊደል ቆጠረ። ዘመቻው ግዴታና ፖለቲካ ነበረበት፤ ያም ሆኖ ስሙን በጣት አሻራ ይፈርም የነበረ ብዙ ሰው በእጁ መጻፍ ችሏል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው ልብ ሊባል የሚገባው። አዲስ አንባቢ የሚያነበው ካጣ ፊደሉን ይረሳል። ይህን የተረዱት አዘጋጆች በየገጠሩ በሺዎች የሚቆጠሩ የንባብ ቤቶች አቋቁመው ነበር። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ነገር ግን ቋሚ ባለቤትና በየጊዜው የሚታደስ መጽሐፍ አልተመደበላቸውም። ዘመቻውን ያካሄደው ሥርዓት በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ አብዛኞቹ አብረው ጠፉ። ማስተማሩ በዘመቻ ይሆናል፤ ንባብን ማኖር ግን በዘመቻ አይሆንም።

ችግሩ ዛሬም አልተወገደም። በ2002 ዓ.ም. በበርካታ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ለእነዚህ ልጆች የሁለት ወሩ የክረምት ክፍተት ዓመታት ሆኗል።

ሌላው ዓለም ምን አደረገ?

አሜሪካ ውስጥ የክሊቭላንድ ከተማ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በ1890ዎቹ ልጆችን በእረፍት ወራት በንባብ ማኅበር ማሰባሰብ ጀመረ፤ ልማዱም በመላ አገሪቱ ተስፋፋ። ጥቅሙን በጥናት ካሳዩት አንዷ ባርባራ ሄይንስ ናቸው። በአትላንታ ሦስት ሺህ ያህል የስድስተኛና የሰባተኛ ክፍል ልጆችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ በእረፍት ወራት ለልጆች የዕውቀት ዕድገት ከማንኛውም የሕዝብ ተቋም ይልቅ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እንደሚረዳ አሳዩ። ልጁ ቤተ መጻሕፍቱን መጠቀም አለመጠቀሙን ከሚወስኑት ነገሮች አንዱም የቤቱ ርቀት እንደሆነ አገኙ።

ርቀት አትላንታ ላይ ይህን ያህል ከወሰነ፣ ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ቆላ በሚወርዱት ቀበሌዎች ምን ያህል እንደሚወስን መገመት አያዳግትም። ለዚህ መልስ ያገኘ ኢትዮጵያዊ ግን አለ። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ሲሠሩ በአማርኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ፈልገው በማጣታቸው ተነሣሥተው ‹ሞኙ ማሞ›ን አሳተሙ። እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ በ2005 ደግሞ በሐዋሳ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት አስጀመሩ። ከመቅደላ መጽሐፍን ጭኖ የወሰደው በቅሎ ነበር። በሐዋሳ መጽሐፍን ወደ ልጆች ያመጣው አህያ ነው። ጋሪ በማይገባበት የወሎ ቁልቁለት እንኳ በአህያ የማይደረስበት ቀበሌ የለም፤ ውኃ በማያስገባ ሳጥን 50 መጽሐፍ ጭኖ ለአንድ ሳምንት ማዋስ ከአንድ አህያ ኪራይና ከአንድ ወጣት ጉልበት በላይ አይጠይቅም።

በዚህ ደጋ ምን ይቻላል?

ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ትልቅ ሕንፃ ምን ያህል አንባቢ እንደሚስብ አሳይቷል። መካነ ሰላም ግን ከደሴ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ እንዲህ ያለ ሕንፃ እስክታገኝ መጠበቅ የለባትም። የሚያስፈልገው ያለውን መክፈት ነው።

የትምህርት ቤቶች የመጻሕፍት ክፍል በክረምት በሳምንት ሦስት ግማሽ ቀን ይከፈት። አንደኛው የገበያ ቀን ይሁን፤ ገጠሬው ቤተሰብ ወደ ከተማ የሚወጣው ያን ቀን ነውና ልጁ ከእናቱ ጋር መጥቶ ያለፈውን መልሶ አዲስ ይወስዳል። ውሰቱ የግድ ነው። እዚያው ተቀምጦ ማንበብ ብቻ ከተፈቀደ እረኛው ልጅና ውኃ የምትቀዳው ልጅ አይደርሱበትም። አንድ ደብተር፣ የልጁ ስም፣ የመጽሐፉ ርእስ፣ የሚመለስበት ቀን፣ እና ዝናብ እንዳያበሰብሰው አንድ ወፍራም ፌስታል ይበቃል። አባቶች ለብራና ማኅደር እንደሰፉት ማለት ነው። ጥቂት መጽሐፍ ይቀደዳል፣ ጥቂቱም አይመለስም። በመደርደሪያ ተቆልፎ አቧራ ከሚጠጣ ግን በልጅ እጅ የተቀደደ ይሻላል።

ሠራተኛ የለም የሚለውም አያስኬድም። በየክረምቱ ከዩኒቨርሲቲ የሚመለሱ ወጣቶች ለበጎ ፈቃድ አገልግሎት ይመዘገባሉ፤ ችግኝ ይተክላሉ፣ የአቅመ ደካሞችን ቤት ይጠግናሉ፣ ማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጣሉ። ማስነበብና ማዋስ በዚሁ ዝርዝር ይግባ። ቱሉ አውሊያና መካነ ሰላም ላይ ግቢ ያለው መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ለእነዚህ ወጣቶች የጥቂት ቀን ሥልጠና ቢሰጥ፣ ለሕፃናት አንድ ክፍል ቢለይ፣ ስሙን ለወሰደባት አምባ ተገቢ ውለታ ይሆናል።

የመጽሐፍ ስጦታም ይታሰብበት። ከውጭ በኮንቴይነር የሚመጣ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ መደርደሪያ ይሞላል፤ ለሁለተኛ ክፍል የቦረና ልጅ ግን አይነበብም። በውጭ ያለ የወሎ ተወላጅ መርዳት ሲፈልግ ገንዘቡ በአማርኛ የታተመ የልጆች መጽሐፍ እዚሁ ይግዛበት፤ ደራሲውም አሳታሚውም አብረው ይጠቀማሉ። ለንባብ ሰዓቱ ደግሞ የአገሩ ባለሙያዎች አሉ፤ መሪጌታው ቅኔ፣ ሼሁ መንዙማ፣ አሮጊቷ ተረት ለልጆቹ ይንገሩ። የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ልጅ በአንድ አግዳሚ ተቀምጠው ሁለቱን የዕውቀት ውርስ የሚሰሙበት ቦታ ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የተሻለ አይገኝም።

ይህ ሁሉ የሚወሰነው በሰኔ ነው፤ ርእሰ መምህሩ የመጻሕፍት ክፍሉን ቁልፍ ለማን ሰጥቶ እንደሚሄድ በሚወስንበት ሳምንት። የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ወላጅ መምህር ኅብረቱና የቀበሌው ወጣቶች በዚያ ሳምንት ተሰብስበው ሁለት ኃላፊ ሰዎች ይመድቡ፣ ደብተር ይክፈቱ፣ ቀኑን በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ያስነግሩ። ከስድስት መቶ ዓመት በላይ መጽሐፍ የጻፈና የጠበቀ አገር ይህን ለልጆቹ ማድረግ አያቅተውም።