ክፍልፋይና የሰው ድርሻ

ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን ሲያከብር፥ ብዙዎቻችን የምንፈራውን አንድ የሒሳብ ክፍል ታሪኩን ለመጻፍ አሰብን፤ ይኸውም ክፍልፋይ ነው። ሰው አመጣጡን ያወቀውን ነገር እምብዛም አይፈራውምና።

ክፍልፋይን ያስገኘው ድርሻን በትክክል የማካፈል ችግር ነው። ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ1550 ዓመት ገደማ አሕሞስ የተባለ የግብፅ ጸሐፊ ከቀደመ መጽሐፍ የገለበጠው የፓፒረስ ጥቅል ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። በእርሱም ውስጥ 6 ዳቦ ለ10 ሰዎች እንዴት እንደሚካፈል ተጽፏል፤ መልሱም ለእያንዳንዱ እኩሌታና ዐሥረኛ ይድረሰው የሚል ነው። አምስቱ ዳቦ ለሁለት ለሁለት ሲቆረጥ 10 እኩሌታ ይሆናል፤ ስድስተኛው ለዐሥር ይቆረጣል። የሁሉም ድርሻ በዐይን ሲታይ እንኳ እኩል ነውና ጠብ አይነሣም።

ግብፃውያን ከጥቂቱ በቀር ላዕሉ 1 የሆነውን ክፍልፋይ ብቻ ይጽፉ ነበር። ኋላ ሕንዶች ላዕሉን ከታሕቱ በላይ አድርገው ጻፉ፤ በ12ኛው መቶ ዓመትም በሰሜን አፍሪካ የነበሩ የዐረብኛ ሒሳብ ሊቃውንት በመካከሉ መስመር አሰመሩበት። በደብተራችን የምንጽፈው ይህንኑ ነው።

በአገራችንም ክፍልፋይ እንግዳ አይደለም። በዐፄ ምኒልክ ዘመን አላድ የብር እኩሌታ፥ ሩብ አራተኛው፥ ተሙን ስምንተኛው ነበር። እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስም የሰው መሬት የሚያርስ ገበሬ እንደ ውሉ እኩል አራሽ ወይም ሲሶ አራሽ ይባል ነበር። ዐሥራት ይከፈል በነበረበት ጊዜ 10 ኩንታል ያገባ እኩል አራሽ እናስብ። ዐሥራቱ አስቀድሞ ከጠቅላላው ቢነሣ፥ የቀረው 9 ኩንታል ለሁለት ሲካፈል ለአራሹ አራት ኩንታል ተኩል ይደርሰዋል። አስቀድሞ ተካፍለው የ10ሩን ኩንታል ዐሥራት አራሹ ብቻውን ቢከፍል ግን የሚቀርለት 4 ኩንታል ነው። ክፍልፋዮቹ ያው ናቸው፤ ቅደም ተከተላቸውና የሚነሡበት ክምር ግን ተለውጧል። ይህን ያላስተዋለ አባት የልጆቹን ግማሽ ኩንታል ሳያውቀው ያጣል።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፥ ክፍልፋይ ሲነገረን «የምን?» ብለን እንጠይቅ። ሁለተኛ፥ መጠናቸው የተለያየ ቁራሾች አንድ ላይ አይቆጠሩም። ከመካከላችን እኩሌታና ዐሥረኛን ሲደምር ላዕሉን ከላዕል፥ ታሕቱን ከታሕት ደምሮ 2/12 የሚል አይጠፋም። ይህ ግን ከእኩሌታው እንኳ ያንሳል፤ ተጨምሮበት እንዴት ያንሳል? እኩሌታውን ዳቦ ለአምስት ብንቆርጠው 5/10 ይሆናል፤ 1/10 ሲጨመርበት 6/10 ነው። ይህም የአሕሞስ 6 ዳቦ ለ10 ሰዎች ሲካፈል የሚገኘው ነው።

ወላጆቻችንም በገበታ ላይ እንጀራ ስትቆርሱ ታናናሾቻችንን «ይህ ከስንት አንድ ነው?» እያላችሁ ብትጠይቁልን፥ የመምህሮቻችንን ድካም ታቀሉላቸዋላችሁ። ድርሻውን ማስላት የቻለ ሰው የራሱን አያስወስድም፤ የባልንጀራውንም አይወስድም።