ልብን በፈጣሪ ፊት ማቆም

ከጎጃም ደጋ በስተሰሜን፣ ከጣና ሐይቅ ማዶ በጎንደር ምድር የኖሩት የኢትዮጵያ አይሁድ፣ ማለትም ቤተ እስራኤላውያን፣ የጎጃም ሊቃውንት ቅኔ በሚቀኙበት በዚያው ግእዝ፣ ከፊሉንም በአገውኛ እየጸለዩ፣ መስጊድ በተባለው የጸሎት ቤታቸው ፊታቸውን ወደ ኢየሩሳሌም መልሰው ይቆሙ ነበር። የአይሁድ ሊቃውንት ካቫና የሚሉትን፣ ማለትም ጸሎተኛው በፈጣሪ ፊት መቆሙን አውቆ ሐሳቡን የሚሰበስብበትን ሥርዓት፣ ከእነዚህ ሊቃውንት አንዱ የሆነው ሙሴ ማይሞኒደስ በ12ኛው ክፍለ ዘመን በሕግ መጽሐፉ ደንግጎታል። ይህ መጽሐፍ ያልደረሳቸው የቤተ እስራኤል ካህናት ግን ያንኑ ንቃት በመታጠብ፣ በጾምና በስግደት አጽንተው ማቆየታቸው እጅግ ሊከበር የሚገባው ነው፤ ከዮም ኪፑር፣ ማለትም ከማስተስረያ ቀን፣ በኋላ በ50ኛው ቀን በሚውለው በስግድ በዓል ምእመናኑ እየጾሙ ተራራ ወጥተው የኦሪትን ንባብ ያዳምጡ ነበር። የእስራኤል ምክር ቤት ስግድን በ2000 ዓ.ም. ብሔራዊ በዓል አድርጎ በሕግ አጽድቆታል።