ወይራው አለን፣ ዘይቱስ?

ሸጎሌ ላደገ ሰው «ዘይት» ሲባል መጀመሪያ የሚመጣለት የአውቶብስ ዴፖው ሽታ ነው፤ የተቃጠለ የሞተር ዘይት። «ወይራ» ሲባል ደግሞ ጭስ። እናቴ የእርጎ ቅሏን የምታጥንበት፣ ለበዓል የጠላ ጋኑን ደፍታ የምታጨስበት። ሁለቱ ቃላት ዘመዳሞች መሆናቸውን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ዘይት ጥንት ወይራ ማለት ነበር።

በግዕዝ ዘይት ዛፉም ነው፣ ከፍሬው የሚወጣው ቅባትም ነው። ደብረ ዘይት የምንለው ያው የወይራ ተራራ ነው፤ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ቢሾፍቱም ስሙን ተውሳ ነበር። አማርኛ ግን ዛፉን ወይራ ብሎ ዘይትን ለቀቀው። ቃሉም ለኑጉም፣ ለሱፉም፣ መጨረሻ ላይ ለሞተሩም ሆነ። (እንግሊዞችም ከዚህ አላመለጡም፤ ለነዳጅ ሳይቀር የሚሉት «ኦይል» ሥሩ የወይራ የግሪክ ስም ነው።)

ወይራን ለዘይት ማልማት የተጀመረው በሜዲትራኒያን ምሥራቅ ዳርቻ ነው፤ የዛሬዎቹ ሶርያ፣ ሊባኖስ፣ ፍልስጤምና እስራኤል ባሉበት። 6,000 ዓመት ገደማ ይሆነዋል። ዘይቱ ምግብ ብቻ አልነበረም። መብራት ነበር፣ መድኃኒት ነበር፣ ንጉሥ ይነግሥበት ነበር፤ «መሲሕ» ማለት ራሱ የተቀባ ማለት ነው። ሮማውያን ደግሞ ከስፔንና ከሰሜን አፍሪካ በእንስራ ያስመጡት ነበር። ባዶ እንስራውን እየሰበሩ የጣሉበት ቦታ ዛሬም ሮም ውስጥ 35 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ኮረብታ ሆኖ ቆሟል፤ ሞንቴ ቴስታቾ ይባላል።

ወደ እኛም መጥቷል። በ1ኛው ክፍለ ዘመን ቀይ ባሕርን አብጠርጥሮ የሚያውቅ ስሙ የጠፋ ሰው በግሪክኛ በጻፈው «ፔሪፕለስ» በተባለ የንግድ መመሪያ ውስጥ፣ አዱሊስ ወደብ የሚራገፈውን ዕቃ ይዘረዝራል። የወይራ ዘይትም አለበት፤ ግን ብዙ እንዳልሆነ ይናገራል። እኔን የምትገርመኝ ይቺ ማሳሰቢያ ናት። አገሩ ወይራ በወይራ ሆኖ ሳለ ዘይቱ በመርከብ ይመጣል፣ እሱም በትንሹ!

እስቲ ወደ እንጦጦ ከፍ በሉ፣ ወይም ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ግቡና ወይራ ፈልጉ። ከሜዲትራኒያኑ ጋር አንድ ዝርያ ናቸው፤ ዘራቸው አንድ፣ ንዑስ ዝርያቸው ሌላ። የኛው ፍሬ ከአተር ብዙም አይበልጥም፣ ሥጋውም ስስ ነው፤ ቢጨመቅ ድካሙን አይከፍልም። የነሱን አምጥተን እንትከል ብንልም፣ ዛፉ በደንብ ለማበብ የክረምት ብርድ ይፈልጋል፤ የኛ ደጋ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ያው ነው። ስለዚህ አባቶቻችን ፍሬውን ለወፍ ትተው እንጨቱን ወሰዱ፦ ለቤት ምሰሶ፣ ለዱላ፣ ለጥርስ መፋቂያ፣ ለአራስ ጭስ።

ዘይቱን ከየት አመጡት? ከኑግ። ጥቅምት ላይ በጎጃም ያለፈ ሰው ያንን ቢጫ ማሳ ያውቀዋል። ኑግ የዚህ አገር ልጅ ነው፤ ከዱር ወደ ማሳ ያስገባው የኢትዮጵያ ገበሬ ነው፣ ህንድም ትዘራዋለች። እናቶች ኑጉን ያምሱታል፣ ይወቅጡታል፣ በፈላ ውሃ እያማሰሉ ወደ ላይ የሚንሳፈፈውን ይቀዱታል። ከመጭመቂያ የሚተርፈው ፋጉሎ የላም ቀለብ ነው።

ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ኦርቶዶክሳዊ ምእመን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ቅቤ አይነካም። ወይራ የማይበቅልበት የሰሜን አውሮፓ ሰውም በዐቢይ ጾም ተመሳሳይ ጣጣ ነበረበት። ሩዋን በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ካቴድራሉ «የቅቤ ግንብ» የሚባል ማማ አለው፤ ከወጪው ከፊሉ የተሸፈነው ሰዉ በጾም ቅቤ እንዲፈቀድለት በከፈለው ገንዘብ ነው። እኛ ፈቃድ መግዛት አላስፈለገንም፤ ኑግ ነበረን።

«ነበረን» ያልኩት ሳላስበው አይደለም። ዛሬ የምንበላው ዘይት አብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው፤ በብዙ ቤት ፓልም። የኑግ ዘይት ውድ ሆኖ በብልቃጥ የሚቀመጥ ነገር ሆኗል። የሸጎሌ ጠዋት ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ብርዱ ያንቀጠቅጣል። ፓልሙ ጀሪካኑ ውስጥ ረግቶ ያድራል። እናቴ ከምድጃው አጠገብ ታስጠጋዋለች።

«ይሄ ዘይት ነው ሞራ?» ትለኛለች።

«ዘይት ነው እማ፣ በርዶት ነው።»

«ኑግ በርዶት አያውቅም» ትልና የወይራ እንጨቷን ፍም ላይ ትጥላለች፤ ቅሉ ገና አልታጠነም።