83 ሳምንት ያሸነፈው ኩባንያ እንዴት ወደቀ?

ሬስሊንግ የምትከታተሉ ከሆነ ደብሊው ደብሊው ኢን ሳታውቁት አትቀሩም። በ1990ዎቹ አጋማሽ ግን ይህ ኩባንያ፣ ያኔ በነበረው ስሙ ደብሊው ደብሊው ኤፍ፣ በተቀናቃኙ ክፉኛ እየተበለጠ ነበር። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ተቀናቃኙ ዎርልድ ቻምፒዮንሺፕ ሬስሊንግ ይባላል፤ ባጭሩ ደብሊው ሲ ደብሊው። ከ1996 አጋማሽ እስከ ኤፕሪል 1998 ድረስ፣ ለ83 ተከታታይ ሳምንታት፣ ሰኞ ማታ በተመልካች ብዛት አሸናፊው እሱ ነበር።

ከዚያስ? ሦስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ያው ሲሸነፍ የነበረው ተቀናቃኝ ገዛው።

«ምን ገደለው?» ብላችሁ ብትጠይቁ እያንዳንዱ ደጋፊ አንድ ሰው ወይም አንድ ቀን ይጠቁማችኋል። የእኔ ትምህርት ምህንድስና ነው። እኛ ዘንድ ድልድይ ሲወድቅ «የመጨረሻው መኪና የማን ነበር?» ብቻ ብሎ ማቆም የለም። ስንጥቁ መቼ ጀመረ? ምን አሰፋው? ደግፎ የያዘው ምሰሶስ መቼ ተነሳ? እስቲ ይህን ኩባንያም በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች እንመርምረው።

መጀመሪያ፣ የሚሸጠው ምንድን ነው?

በሬስሊንግ ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ ይወሰናል። «ታዲያ ውሸት ነዋ!» ትሉ ይሆናል። ፊልምም እኮ መጨረሻው አስቀድሞ የተጻፈ ነው፤ ቲኬት ከመግዛት ግን አያግደንም። ሬስሊንግ የሚሸጠው ተስፋን ነው። «ይህን ክፉ ሰው አንድ ቀን የሚጥለው ይመጣል፤ ያን ቀን እንዳያመልጣችሁ» ይላል። ተመልካቹ ጊዜውንና ገንዘቡን የሚሰጠው ያ ቀን እንደሚመጣ ስለሚያምን ነው። ይህን እምነት ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ምሰሶው

በ1988 የቴሌቪዥን ባለሀብቱ ቴድ ተርነር የጂም ክሮኬትን የሬስሊንግ ድርጅት ገዛ። ደብሊው ሲ ደብሊው የተወለደው ከዚያ ነው። ሬስሊንግ ተርነር በአትላንታ ትንሽ ጣቢያ ከነበረው ጊዜ ጀምሮ የአየር ሰዓቱን ሲሞላለት የኖረ ዝግጅት በመሆኑ ውለታውን አልረሳም። ኩባንያው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሲከስር እንኳ አልዘጋውም። የኩባንያው ምሰሶ እንግዲህ ይህ ነበር፤ ባለቤቱ ራሱ የቴሌቪዥኑ ጌታ ነው።

በ1993 ኤሪክ ቢሾፍ የዝግጅቱ ኃላፊ ሆነ። በ1994 ታዋቂው ሃልክ ሆጋን መጣ። ሴፕቴምበር 4 ቀን 1995 ደግሞ «ናይትሮ» የተባለው የሰኞ ማታ ዝግጅት በቲ ኤን ቲ ቻናል ጀመረ፤ ልክ የተቀናቃኙ «ሮው» በሚታይበት ሰዓት። ሮው ብዙ ጊዜ ቀድሞ ተቀርጾ ሲቀርብ ናይትሮ በቀጥታ ይተላለፍ ነበር።

በ1996 ስኮት ሆልና ኬቨን ናሽ ከተቀናቃኙ ኩባንያ መጡና ልክ እንደ ወራሪ ሆነው ገቡ። ጁላይ 7 ለዓመታት የልጆች ጀግና የነበረው ሆጋን ድንገት ከዳና ከእነሱ ጋር ቆመ። «ኒው ወርልድ ኦርደር» የተባለው ቡድን ተፈጠረ፤ ሰዉም አበደ። ከሥር ደግሞ እንደ ሬይ ሚስቴሪዮ፣ ኤዲ ጌሬሮና ክሪስ ጄሪኮ ያሉ ቀልጣፋ ወጣቶች ሪንጉን ያሞቁት ነበር።

ስንጥቁ

ትልልቆቹን ኮከቦች ለማምጣት ትልልቅ ውሎች ተፈረሙ። ክፍያው የተረጋገጠ ነው፤ ተመልካች ቢመጣም ባይመጣም ይከፈላል። በሆጋን ውል ላይ ደግሞ ስለራሱ ታሪክ አካሄድ የመወሰን መብት ነበረው።

ይህ ለምን ችግር ይሆናል? ማንኛውም ጤነኛ ሥርዓት የሚስተካከለው በግብረ መልስ ነው። ማቀዝቀዣችሁ ሲሞቅ ይሠራል፣ ሲበርድ ያርፋል፤ ሙቀቱን የሚለካ መሣሪያ አለውና። የሬስሊንግ ሙቀት መለኪያ የተመልካቹ ጩኸት ነው። ሰው የሰለቸውን ወደ ኋላ፣ የወደደውን ወደ ፊት ታመጣላችሁ። ከፊት ያለው ሰው «አልወርድም» የማለት መብት ካለው ግን የመለኪያው ሽቦ ተቆርጧል ማለት ነው።

የዚህ ውጤት ዲሴምበር 28 ቀን 1997 ታየ። ከአንድ ዓመት በላይ ስቲንግ የተባለው ጀግና ከጣሪያ ሥር ዝም ብሎ ሆጋንን ሲመለከት ከርሟል። ሰው ያን ቀን ጠበቀ፤ በኩባንያው ታሪክ ብዙ ሕዝብ ከፍሎ ያየውም ይህ ትዕይንት ሆነ። ታሪኩ እንዲህ ነበር የታሰበው፦ ዳኛው አዳልቶ በፍጥነት ይቆጥራል፣ ስቲንግ ይበደላል፣ ከዚያ ፍትሕ ይመጣል። በመድረክ ላይ ግን ዳኛው በተለመደው ፍጥነት ቆጠረ። ጀግናው በንጹሕ የተሸነፈ መሰለ። ቀበቶው በመጨረሻ ለስቲንግ ቢሰጥም ሰው በድል አልጨፈረም፤ ግራ ተጋባ። ቆጠራው ለምን እንደዚያ እንደሆነ የነበሩበት ሰዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

ስንጥቁን ያሰፋው

«የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል» ይባላል። 1998 ለደብሊው ሲ ደብሊው የጨው ዓመት ነበር። ገንዘብ ይጎርፋል፤ ናይትሮ ሦስት ሰዓት ሆነ፤ ሐሙስ ማታ «ተንደር» የሚባል ሌላ ዝግጅት ተጨመረ። ጁላይ 6 በጆርጂያ ዶም ከ40,000 በሚበልጥ ሕዝብ ፊት አዲሱ ጀግና ጎልድበርግ ሆጋንን ጣለ። ድንቅ ምሽት ነበር። ግን በነፃ ቴሌቪዥን ሄደ። ለወራት ተገንብቶ በክፍያ ሊታይ የሚችል ግጥሚያ፣ የአንድ ሳምንት ሬቲንግ ለማሸነፍ ሲባል በጥቂት ቀን ማስታወቂያ ተበላ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ሬቲንግ በየሳምንቱ የሚመጣ ፈጣን ቁጥር ነው። የተመልካች እምነት ግን ቀስ ብሎ ይገነባል፣ ቀስ ብሎም ይሸረሸራል፤ የሚለካበት ሰንጠረዥም የለውም። በፈጣኑ ቁጥር ብቻ የሚመራ ኩባንያ ዘሩን ቀቅሎ የሚበላ ገበሬ ይመስላል። ዛሬ ይጠግባል፣ ከርሞ ምን ይዘራል?

በዚያው ዓመት መጨረሻ ያልተሸነፈውን ጎልድበርግን ናሽ አሸነፈው። ጃንዋሪ 4 ቀን 1999 ናሽና ሆጋን ለሻምፒዮንነት ገጠሙ ተባለ። ሆጋን ናሽን ደረቱ ላይ በጣቱ ነካ አደረገው፤ ናሽ ተዘረረ፤ በቃ፣ ቀበቶው ወደ ሆጋን ተመለሰ! በዚያችው ምሽት የናይትሮ አስተላላፊ፣ ቀድሞ በተቀረጸው ሮው ላይ ሚክ ፎሊ ሻምፒዮን እንደሚሆን ለማሾፍ ብሎ ተናገረ። ብዙ ተመልካች ግን ፎሊን ለማየት ቻናል ቀየረ።

ብዙዎች «የሞተው ያን ቀን ነው» ይላሉ። ቀኖቹን ስናስተያይ ግን አይገጥምም። ናይትሮ ሮውን ለመጨረሻ ጊዜ የበለጠው በኦክቶበር 1998 መጨረሻ፣ ማለትም ከዚያ ምሽት ሁለት ወር ቀድሞ ነው። ያ ምሽት ቁስሉን ለሁሉም አሳየ እንጂ አላቆሰለውም። በሌላ በኩልም ተቀናቃኙ ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ ስቲቭ ኦስቲን ከአለቃው ከቪንስ ማክማን ጋር የገባበት ጠብ የአገሩ መነጋገሪያ ሆኖ ነበር።

ከዚያ የተከተለው ግርግር ነው። ሻወር ቤት ሙቅ ውሃ ሲዘገይባችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ወደ ሙቁ ታዞራላችሁ፣ አሁንም ይዘገያል፣ ትጨምራላችሁ፤ ድንገት ያቃጥላችኋል። ወደ ቀዝቃዛው ስትመልሱ ደግሞ ትንቀጠቀጣላችሁ። ውጤቱ ሳይታይ ደጋግሞ ማስተካከል ሥርዓትን ያናውጣል። በሴፕቴምበር 1999 ቢሾፍ ተነሳ። በኦክቶበር ቪንስ ሩሶ ከተቀናቃኙ መጣ። ጥቂት ወር ቆይቶ እሱም ተገለለ፣ ከዚያ በ2000 ሁለቱም ተመለሱ። በኤፕሪል 2000 ፊልም ለማስተዋወቅ ሲባል ተዋናዩ ዴቪድ አርኬት የዓለም ሻምፒዮን ተደረገ፤ ሐሳቡን እሱ ራሱ አልወደደውም ነበር።

ወጣቶቹስ? መንገዱ ተዘግቶባቸው ወጡ። ጄሪኮ በ1999 ሄደ። በጃንዋሪ 2000 ጌሬሮን ጨምሮ አራት ሰዎች አንድ ላይ ለቀቁ፤ ከአራቱ አንዱ ክሪስ ቤንዋ የዓለም ሻምፒዮን በሆነ ማግስት ነው የሄደው። በዚያ ዓመት የኩባንያው ኪሳራ ወደ 60 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ።

ምሰሶው ሲነሳ

ይህ ሁሉ ሲሆን ላይኛው ፎቅ ላይ ሌላ ነገር እየተካሄደ ነበር። በ1996 የተርነር ድርጅት ከታይም ዋርነር ጋር ተቀላቀለ። በጃንዋሪ 2000 ታይም ዋርነር ከኤ ኦ ኤል ጋር እንደሚዋሃድ ተነገረ፤ በጃንዋሪ 2001 ተፈጸመ። በእያንዳንዱ ውህደት የተርነር ድምፅ እየቀነሰ ሄደ።

በ2001 መጀመሪያ ቢሾፍ ከባለሀብቶች ጋር ሆኖ ኩባንያውን ሊገዛ ተስማምቶ ነበር። በማርች ግን አዲሱ የቻናሎቹ ኃላፊ ጄሚ ኬልነር ሬስሊንግ ከቻናሎቹ እንዲወጣ ወሰነ። የአየር ሰዓት የሌለው የቴሌቪዥን ዝግጅት ደግሞ መንገድ የሌለው አውቶቡስ ነው። ገዢዎቹ ተመለሱ። ማክማን ስሙን፣ የቪዲዮ ክምችቱንና የተወሰኑ ውሎችን በጥቂት ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። ማርች 26 ቀን 2001 በፍሎሪዳ ፓናማ ሲቲ ቢች የመጨረሻው ናይትሮ ተላለፈ። ስቲንግና ሪክ ፍሌር ተጋጥመው መብራቱ ጠፋ።

ታዲያ ማን ገደለው?

ሦስት ጊዜዎችን እናነጻጽር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኪሳራ ነበር፤ ምሰሶው ግን ቆሞ ነበር፣ ኩባንያው ኖረ። በ1998 ምሰሶው መላላት ጀምሮ ነበር፤ ትርፍ ግን ነበረ፣ ኩባንያው ኖረ። በ2001 ኪሳራውም ነበረ፣ ምሰሶውም ተነሳ፤ ኩባንያው ሞተ። በኤሌክትሮኒክስ ይህን «እና» እንለዋለን፤ መብራቱ የሚበራው ሁለቱም ማብሪያዎች ሲነኩ ብቻ ነው። እምነት ማባከኑ ኩባንያውን አዳከመው፤ ውህደቱ የደከመውን የሚደግፍ አሳጣው። አርኬት ወይም ያቺ ጣት ብቻዋን ይህን አታደርግም።

ዕዳውን የከፈሉት ደግሞ ከላይ የነበሩት አይደሉም። ትልልቆቹ ኮከቦች የተረጋገጠ ውል ስለነበራቸው ብዙዎቹ ቤታቸው ተቀምጠው ደመወዛቸውን በሉ። የካሜራ ባለሙያው፣ መድረክ ገጣሚውና ገና እየጀመረ የነበረው ወጣት ግን ሥራ አጡ። ከዚያ በኋላ አንድ ሬስለር «ክፍያዬ አነሰ» ቢል እንኳ የሚሄድበት ተመጣጣኝ ኩባንያ አልነበረም። በቲ ኤን ቲ ላይ ሌላ ትልቅ የሬስሊንግ ኩባንያ ሳምንታዊ ዝግጅት የጀመረው በ2019 ነው፤ ኦል ኢሊት ሬስሊንግ። በመሃሉ 18 ዓመት አለፈ።

እንግዲህ ስለ አንድ ክለብ፣ ባንክ ወይም ፋብሪካ «እከሌ ነው የጣለው» ሲባል ስትሰሙ፣ እከሌ ከመምጣቱ በፊት የነበረውን ዓመት ፈልጋችሁ አንብቡ።