የሕሙማን ስም፤ ከመዝገብ እስከ ኮምፒዩተር መረብ

በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የሚገኘውን የዘነበወርቅን ሰፈር ብዙዎቻችን የምናውቀው በአለርት ሆስፒታል ነው። ሰፈሩ ግን ስሙን ያገኘው ከዚያ አስቀድሞ በስፍራው ከነበረው የልዕልት ዘነበወርቅ ሆስፒታል ነው። አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 ተመሠረተ፤ በዚያው አካባቢ ያለው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ደግሞ በ1970 ሥራ ጀመረ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የኮምፒዩተር መረብን ታሪክ ለማውሳት ተነሥቶ ከሥጋ ደዌ ሆስፒታል መጀመር እንግዳ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ የሕመምተኛ መረጃ ከእጅ ሲወጣ የሚጠፋው ምን እንደሆነ ከዘነበወርቅ ይበልጥ የሚያስረዳ ስፍራ አላውቅም። እዚያ ካርድ ያለው ሰው መሆን ብቻውን ለረጅም ዘመን ከቤተሰብ፣ ከሥራና ከትዳር የሚያለያይ ነገር ነበርና።

የምርምር ተቋሙ የተሰየመበት ኖርዌያዊው ሐኪም ገርሃርድ አርማወር ሐንሰን በ1873 የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ አገኘ። አገሩ ከዚያ አስቀድማ በ1856 የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ብሔራዊ መዝገብ ከፍታ ነበር፤ በዓለም የመጀመሪያው ብሔራዊ የበሽታ መዝገብ መሆኑ ይነገርለታል። በሽታው በዘር የሚወረስ ሳይሆን ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ መሆኑን ለማስረዳት ሐንሰን በዚህ መዝገብ እጅግ ተጠቅሟል። ያው ሐንሰን በ1880 አንዲትን ታካሚ ያለ ፈቃዷ ለሙከራ በመጠቀሙ በፍርድ ቤት ተፈርዶበት የሆስፒታል ሥራውን አጥቷል። መዝገብ ለሕዝብ ጤና የሚሰጠው ጥቅምና የአንድ ሕመምተኛ መብት በአንድ ሐኪም ታሪክ ውስጥ ጎን ለጎን የሚታዩበት አጋጣሚ ነው።

የጤና ባለሙያና የኮምፒዩተር ጥቃት የተዋወቁትም ብዙዎቻችን ከምንገምተው ቀደም ብሎ ነው። በ1989 ስለ ኤድስ መረጃ ይሰጣል የተባለ ዲስኬት በሃያ ሺህ ገደማ ቅጂ ተባዝቶ በፖስታ ወደ ልዩ ልዩ አገሮች ተላከ። ከተላከላቸው መካከል የዓለም ጤና ድርጅት ባዘጋጀው የኤድስ ጉባኤ ላይ የተገኙ ሰዎች ነበሩበት። ዲስኬቱ የገባበት ኮምፒዩተር ለዘጠና ጊዜ ያህል ተከፍቶ ከተዘጋ በኋላ የፋይሎቹ ስም ይመሰቃቀላል፤ ወደ ፓናማ የፖስታ ሣጥን ቁጥር 189 ዶላር እንዲላክም ይጠይቃል። በዚህ ተጠርጥሮ የተያዘው ጆሴፍ ፖፕ የተባለ የሥነ ሕይወት ምሁር ነበር። ዛሬ ቤዛ ጠያቂ ፕሮግራም የምንለው ነገር የመጀመሪያው ምሳሌ ይህ መሆኑ ነው። ያነጣጠረውም የሙያ መረጃ በተጠማ ሰው ላይ መሆኑን ልብ ይሏል።

ያ ጥማት በአገራችንም ጽኑ ነበር። በ1990ዎቹ መግቢያ ላይ የውጭ የሕክምና መጽሔት በፖስታ የሚደርሰው ከወራት በኋላ ነበር፤ ያውም ከደረሰ። ሐኪሙ በርናርድ ላውንና ባልደረቦቻቸው ያቋቋሙት ሳተላይፍ የተባለ ግብረ ሠናይ ድርጅት ለዚህ ችግር የፈለገው መፍትሔ አስገራሚ ነው። በ1993 ሄልዝሳት ሁለት የተባለች አነስተኛ ሳተላይት ወደ ሕዋ ተላከች። ሳተላይቷ ምድርን በመቶ ደቂቃ ገደማ አንድ ጊዜ ትዞራለች፤ ከጣቢያ በላይ ስታልፍ ደብዳቤ ትቀበልና በሆዷ ይዛ ተጉዛ የተቀባዩ አገር ላይ ስትደርስ ታራግፋለች። ሄልዝኔት የተባለው ይህ መረብ በአዲስ አበባም አገልግሎት ሰጥቷል። በዚያው ዘመን በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን የነበረው የፓዲስ መረብ ደግሞ ኮምፒዩተሮች በተወሰነ ሰዓት በስልክ እየተደዋወሉ የተጠራቀመ መልእክት እንዲለዋወጡ ያደርግ ነበር።

የእነዚህ መረቦች ጠባይ ሊተኮርበት ይገባል። አከማችቶ ማስተላለፍ ነው ዘዴያቸው። መስመሩ ሁልጊዜ ክፍት ይሆናል ብሎ የተማመነባቸው አልነበረም፤ ስለዚህ ሲቋረጥ መልእክቱ ዘገየ እንጂ ሥራው አልቆመም። በ1997 ኢንተርኔት በቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በኩል ወደ አገራችን ሲገባ ልማዳችን ቀስ በቀስ ተለወጠ። መልካም ለውጥ ነበር፤ በ2007 ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በሕንድ ሐይደራባድ ካለ ሆስፒታል ጋር በሙከራ ደረጃ ለርቀት ሕክምና መገናኘት መቻሉን እናስታውሳለን። ነገር ግን አገሪቱ እስከ 2022 ድረስ፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ሥራ እስኪጀምር፣ የነበራት የቴሌኮም አገልግሎት ሰጪ አንድ ብቻ ነበር። አንድ በር ያለው ቤት በሩ ሲዘጋ የሚሆነውን ደግሞ በ2020 አየነው።

በዚያ ዓመት ማርች 13 የመጀመሪያው የኮቪድ ሕመምተኛ በአገራችን ተገኘ። የአርማወር ሐንሰን ተቋም የናሙና ምርመራ ከሚያካሂዱት ላቦራቶሪዎች አንዱ ሆነ። ወረርሽኙ እየበረታ ሳለ ከጁን 30 ጀምሮ፣ የድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳን መገደል ተከትሎ በተነሣው ሁከት፣ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ገደማ ተቋረጠ። የሕክምና መመሪያዎች በየሳምንቱ በሚለዋወጡበት በዚያ ወቅት አዲሱን መመሪያ ማንበብ አልተቻለም። የቀረን የስልክ ጥሪ፣ የወረቀት ቅጽና የሰው እግር ነበር። በእኔ እምነት የሙያ ጽናት የሚባለው ነገር የሚመዘነው በዚህ ዓይነቱ ወቅት ነው፤ ስለ ባለሙያው ወኔ ብቻ ሳይሆን አስቀድሞ ስለታተመ ቅጽ፣ ስለታወቀ የመዝገብ ቁጥርና መስመሩ ሲመለስ ወረቀቱን ወደ ኮምፒዩተር ስለሚያስገባው ሰው መናገር ይኖርብናል።

በጥቃት በኩል ትልቁ ትምህርት የመጣው ከእንግሊዝ ነው። ሜይ 12 ቀን 2017 ዋናክራይ የተባለው ቤዛ ጠያቂ ፕሮግራም በዓለም ዙሪያ ሲሠራጭ ከእንግሊዝ 236 የጤና ባለአደራ ተቋማት ቢያንስ 80ው ታወኩ፤ ወደ 19,000 የሚጠጋ ቀጠሮ እንደተሰረዘ ተገምቷል፤ ድንገተኛ ሕሙማንን ወደ ሌላ ቦታ የላኩ ሆስፒታሎችም ነበሩ። የሚያሳዝነው ማይክሮሶፍት ክፍተቱን የሚደፍነውን ማስተካከያ ሁለት ወር አስቀድሞ ማውጣቱ ነው። ክትባቱ መጋዘን እያለ ወረርሽኝ እንደመነሣት ያለ ነው፤ ለእኛ ለጤና ሰዎች ከዚህ የሚቀርብ ምሳሌ የለም።

ወደ ራሳችን ስንመለስ፣ ከዛምቢያ የመጣው ስማርትኬርና የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ያሳደገው የጤና መረጃ ሥርዓት ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. ሁለት በአገራችን ሥራ ላይ ውለዋል። ሁለቱም የተሠሩት መስመር እንደሚቋረጥ በሚያውቁ ሰዎች ነው። ስማርትኬር ሲታቀድ የታካሚው መረጃ በኪሱ በሚይዘው ካርድ ላይ እንዲጓዝ ታስቦ ነበር። ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. ሁለት ደግሞ መስመር በሌለበት ሰዓት የተጻፈውን ሪፖርት በዚያው ኮምፒዩተር አቆይቶ በኋላ መላክ ይችላል። የሄልዝሳት ዘዴ በሌላ መልክ ተመለሰ ማለት ነው። ይህን ችሎታቸውን ግን በሥልጠና ላይ ጊዜ ሰጥቶ ሲያስተምር ያየሁት ሰው ጥቂት ነው።

ሕጉም ከነገሩ ጋር እየተራመደ ነው። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 በ2016፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ በ2024 ወጥተዋል፤ የኋለኛው የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚያስፈልጋቸው መረጃዎች ይመድበዋል። በሥራ ክፍሎቻችን ግን የይለፍ ቃሉ በወረቀት ተጽፎ ከኮምፒዩተሩ ጎን የተለጠፈበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ሥርዓቱ የአንድን የሥጋ ደዌ ወይም የኤች.አይ.ቪ. ታካሚ ካርድ ማን፣ በስንት ሰዓት እንደከፈተው ሊመዘግብ ይችላል። አምስት ነርሶችና ሁለት ሐኪሞች በአንድ ስም ከገቡ ግን በመዝገቡ ላይ የሚታየው ሰው አንድ ብቻ ነው።